የመንዝ ጓሳ ማደሪያና የሣሩ ጠባቂዎች

ስለ መንዝ በተነሣ ቁጥር አስቀድሞ የሚወራው ብርዱ ነው። ከብርዱ ቀጥሎ በርኖሱ፣ ባናውና ዝተቱ ይነሣሉ። የሀገሩ ሰው በጉን አርብቶ፣ ጠጕሩን ሸልቶ፣ አስፈትሎና አሸምኖ የሚያወጣው ይህ ወፍራም ልብስ በብዙ ገበያዎች ሲሸጥ የኖረ በመሆኑ፣ መንዝን በዓይኑ አይቶ የማያውቅ ሰው እንኳ በትከሻው ላይ ደርቦት ያውቅ ይሆናል። በርኖሱን የደረበ ሰው ግን የበጉ ግጦሽ፣ የሸማኔው ቤት ክዳን፣ የነጋዴው ጭነት መጠፈሪያ ገመድ ከየት እንደሚገኝ አይጠይቅም። ይህ ጥያቄ የሚነሣው ወደ ላይ፣ ወደ ደጋው አናት ሲወጣ ነው።

ከመንዝ ጌራ ምድር በስተምሥራቅ፣ ደጋው ወደ ይፋት ቆላ ተገምሶ ከመውረዱ በፊት፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር የሚደርስ ገላጣ ምድር ተዘርግቷል። ስፋቱ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ካሬ ይጠጋል። ዛፍ የለበትም ቢባል ማጋነን አይሆንም። አስታው በብርዱ ብዛት አጥሮ ቁጥቋጦ ሆኗል፤ ጅብራው እዚህም እዚያም ብቻውን እንደ ዘብ ቆሞ ይታያል፤ የቀረው ሁሉ ሣር ነው። ሣሩ ጓሳ ይባላል። ለቦታውም ስሙን ያወረሰው እርሱ ነው።

በዚህ ምድር ላይ፣ በፍራንክፈርት የሥነ እንስሳት ማኅበር ርዳታ፣ የአካባቢው ሕዝብ በጋራ የሚያስተዳድረው አንድ አነስተኛ የእንግዳ ማደሪያ ተሠርቷል። ይህ ጸሐፊ በ2011 ዓ.ም. በታኅሣሥ ወር ሁለት ሌሊት አድሮበታል። ከዚህ በታች የሚቀርበው ስለ ማደሪያውና፣ ማደሪያው ያለ እነርሱ ሊኖር ስለማይችለው የሣሩ ጠባቂዎች ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ደብረ ብርሃን ያለው የ130 ኪሎ ሜትር መንገድ ለብዙ አንባብያን እንግዳ አይደለም። ከደብረ ብርሃን ወዲያ ግን ምድሩ ይለወጣል። ባሕር ዛፉ እየሳሳ፣ የድንጋይ ካቡ እየበዛ፣ ነፋሱ እየጠነከረ ይሄድና ጣርማ በር ላይ ሲደረስ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። ዋናው አውራ ጎዳና ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን ተራራውን ቦርቡረው ባወጡት ዋሻ ውስጥ አልፎ ወደ ደብረ ሲና ይወርዳል። የመንዙ መንገድ ግን ቁልቁለቱን እንቢ ብሎ፣ ዋሻው አፍ ላይ ሳይደርስ ወደ ግራ ታጥፎ፣ በገደሉ አናት ላይ ወደ ሰሜን ይቀጥላል። በስተቀኝ በኩል ምድር ያልቃል። ሰማዩ በጠራ ቀን የይፋት ቆላ፣ ከእርሱም ማዶ የአዋሽ ሸለቆ በሩቁ ይታያል፤ ጉም በወረደ ቀን ደግሞ ነጂው ከመኪናው አፍንጫ ወዲያ ያለውን ለማየት አንገቱን በመስኮት አውጥቶ መሄድ ይኖርበታል።

ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚጓዘው መንገደኛ መዘዞን አልፎ ወደ ጓሳ ሲቃረብ፣ እስካሁን ያየው የገብስ ማሳ በድንገት ይቆማል። እርሻና ጓሳ የሚለዩበት ቦታ ላይ የታጠረ አጥር የለም፤ ሽቦም የለም። አንድ እርምጃ ወዲህ ገለባ ነው፤ አንድ እርምጃ ወዲያ እስከ ጉልበት የሚደርስ፣ በነፋስ እየተኛ የሚነሣ ሣር ነው። መሬት ለጠበበበት ገበሬ ይህንን ያህል ስፋት ያለው ለም አፈር አለማረስ ምን ያህል ትዕግሥት እንደሚጠይቅ፣ የእርሻን ነገር ጥቂት ለሚያውቅ ሰው ማስረዳት አያስፈልግም።

ማደሪያው ሆቴል አይደለም። ሆቴል ነው ብሎ የሚሄድ ሰው ቅር ይለዋል። ጥቂት ክፍሎች፣ አንድ ማብሰያ ቤት፣ እሳት የሚነድበት አንድ መሰብሰቢያ ክፍል አለው። እንግዳው ስንቁን ይዞ ይመጣል። ስንቁን ራሱ ያበስላል ወይም ያስበስላል። ለእግር ጉዞ የሚወጣ ከሆነ ከጠባቂዎቹ አንዱ ይመደብለታል። ከዚህ ያለፈ አገልግሎት መጠበቅ ተገቢ አይደለም፤ ይልቁንም ከመሐል ሜዳና ከጣርማ በር መካከል፣ ጉምና ውርጭ በሚፈራረቁበት ምድር፣ ይህም መገኘቱ ሊያስገርም ይገባል። ይህ ጸሐፊ ከሦስት ጓደኞቹ ጋር ይዞት የሄደው ስንቅ በሶ፣ ሽሮ፣ ምስር፣ ድንችና ቡና ነበር። የመንዝን የገብስ በሶ ከደብረ ብርሃን ገበያ ገዝቶ መውጣት መልካም ምክር መሆኑን አስቀድሞ የነገረን ሰው ዋጋው ከፍ ያለ ነው፤ ምክንያቱም ምስሩ አልበሰለም።

የምስሩ አለመብሰል ተራ የወጥ ቤት ነገር መስሎ ሊታይ ይችላል፤ ነገር ግን የከፍታን ጠባይ ከዚህ የበለጠ የሚያስረዳ ነገር የለም። ወደ 3,300 ሜትር ገደማ ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሁለት ሦስተኛው ያህል ብቻ ነው። ስለዚህ ውሃ ከ90 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በታች ይፈላል። ድስቱ እየተንተከተከ፣ እንፋሎቱ እየተነነ፣ ምስሩ ግን እንደ ጠጠር ደርቆ ይቆያል። እሳት ቢጨምሩበት ውሃው ቶሎ ያልቃል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም። ያለው መፍትሔ ጥራጥሬውን ከቀኑ ጀምሮ ዘፍዝፎ ማቆየት፣ ክዳኑን በድንጋይ ማፈን፣ ወይም እኛ እንዳደረግነው ሽሮ ሠርቶ መብላት ነው።

በሰውም ላይ የሚደርሰው ከዚሁ የተለየ አይደለም። ተራራ ላይ የዘመተ ወታደር ሁሉ እንደሚያውቀው፣ በመጀመሪያው ቀን ጀግንነት አይጠቅምም። እስትንፋስ ያጥራል፣ ራስ ይከብዳል፣ እንቅልፍ ይሸሻል። አዲስ አበባም ሆነ ደብረ ብርሃን በደጋ ላይ ያሉ ከተሞች በመሆናቸው ከእነርሱ የሚነሣ መንገደኛ ከቆላ ከሚመጣው ይልቅ የተሻለ ዕድል አለው፤ ቢሆንም በመጀመሪያው ቀን ቀስ ብሎ መራመድ፣ ውሃ በብዛት መጠጣት፣ አረቄውን ለሚቀጥለው ምሽት ማስተላለፍ ይገባል። ራስ ምታቱ እየበረታ፣ ማስታወክና መንገዳገድ ከተጨመረበት መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ሳይዘገዩ ዝቅ ወዳለ ሥፍራ መውረድ። ከጓደኞቻችን አንዱ፣ በአካል ከሁላችን የሚበልጠው፣ የመጀመሪያውን ሌሊት ቁጭ ብሎ አነጋ። ትንሹና ቀጭኑ ግን እንደ ድንጋይ ተኝቶ አደረ። ከፍታ ማንን እንደሚመርጥ በመልክ አይታወቅም።

ሌሊቱ እጅግ ቀዝቃዛ ነበር። በደጅ በባልዲ ያደረው ውሃ ጧት በስሱ ረግቶ ተገኘ። በክፍሉ ውስጥ እስትንፋስ እንደ ጭስ ይታያል። በታኅሣሥ ሰማዩ ስለሚጠራ ምድር ቀን የተቀበለችውን ሙቀት ፀሐይ እንደጠለቀች ትመልሰዋለች፤ ውርጩም የሚወርደው ለዚህ ነው። ባናው ያን ጊዜ ዋጋው ይታወቃል። ከከተማ ይዘነው የሄድነውን ስስ ብርድ ልብስ ጠባቂዎቹ አይተው ፈገግ ካሉ በኋላ አንዳንድ ባና አመጡልን። ባናው በጉን በጉን ይሸታል፣ ቆዳንም ይኮሰኩሳል፤ ከዚህ በቀር ምንም ነቀፌታ የለበትም።

በምሽቱ እሳት ዙሪያ የተቀመጡት ጠባቂዎቹ ብቻ አልነበሩም። የአንደኛው ጠባቂ አባት የሆኑ ሽማግሌ በርኖሳቸውን ተከናንበው ከእኛ ጋር አምሽተዋል። የእኒህን ሽማግሌ ነገር ለማስተዋል አስቀድሞ ስለ ሣሩ ጥቂት መናገር ያስፈልጋል።

ጓሳ ለመንዝ ገበሬ የማይውልበት ጉዳይ ጥቂት ነው። የቤት ክዳን ይሆናል፤ በጓሳ የተከደነ ቤት ዝናብና በረዶ በሚበዛበት በዚህ አገር ለረጅም ዓመታት ሳይፈስ እንደሚቆይ የሀገሩ ሰው አጥብቆ ይመሰክራል። ተፈትሎ ገመድ ይወጣዋል። ተጎንጉኖ እረኛ ከዝናብ የሚጠለልበት ገሳ ይሠራበታል። በድርቅ ዘመን ደግሞ፣ በታች ያለው ግጦሽ ሁሉ ሲያልቅ፣ ከብቱ የሚተርፈው ወደዚህ ወጥቶ ነው። ጓሳ እንደ ስፖንጅ ውሃ ይዞ የሚያቆይ ምድር በመሆኑ ከሥሩ የሚፈልቁት ጅረቶች ብዙዎች ናቸው፤ ገሚሱ ወደ ምዕራብ ወርዶ ከዓባይ ይቀላቀላል፣ ገሚሱ ወደ ምሥራቅ ወርዶ አዋሽን ይገብራል። አንድ ዝናብ በአንድ ኮረብታ አናት ላይ ወርዶ እኩሌታው ወደ ሜዲትራኒያን ባሕር ሲያቀና፣ እኩሌታው በአፋር በረሃ ይቀራል ማለት ነው።

ይህን ሁሉ ጥቅም የሚሰጥ ሣር በነፃ ቢለቀቅ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እንደሚያልቅ የጥንት የመንዝ አባቶች አውቀዋል። በጓሳ ላይ ጥናት ያደረጉት ዘለዓለም ተፈራ አሸናፊና ናይጄል ሊደር ዊሊያምስ እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ጽሑፍ እንዳመለከቱት፣ ምድሩ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ የሚተዳደርበት የራሱ ሕግ ነበረው። ሕጉ ቄሮ ይባላል። በዚህ አጋጣሚ አንባቢን ማሳሰብ ይገባል፤ ይህ የመንዝ ቃል በቅርብ ዓመታት በፖለቲካ ንግግር ውስጥ በእጅጉ ከታወቀው ቃል ጋር በድምፅ ይመሳሰላል እንጂ በነገሩ አይገናኝም። በአፈ ታሪክ እንደሚነገረው አስቦና ጌራ የተባሉት የቀደሙ አባቶች ምድሩን ለመካፈል ፈረስ ጋልበው ድንበር ለዩ፤ ጓሳም የአስቦ ቄሮና የጌራ ቄሮ ተብሎ ለሁለት ተከፈለ። ለእያንዳንዱ ቄሮ ተጠቃሚዎቹ ራሳቸው የሚመርጡት አንድ አለቃ ይሾምለታል። አለቃው አፈሮ ወይም አባ ቄራ ይባላል።

የአፈሮው ሥልጣን ቀላል አልነበረም። ጓሳው ሲዘጋ ለሦስት ዓመት፣ አንዳንድ ጊዜም እስከ አምስት ዓመት ድረስ ማንም ማጭድ አያነሣበትም፣ ከብት አያሰማራበትም። ጥበቃው በተጠቃሚዎቹ ላይ በተራ የሚወድቅ ግዴታ ነው። ሣሩ በቂ ሆኖ ሲገኝ አፈሮው ሽማግሌዎችን አማክሮ የሚከፈትበትን ቀን ይቆርጣል። የሚከፈተውም በበጋ፣ ሌላው ግጦሽ በሚያጥርበት ወራት ነው። በቅድሚያ ሣሩ ይታጨዳል፤ ከብት የሚገባው ከአጨዳው በኋላ ነው፤ ክረምቱ ሲቃረብ ምድሩ ተመልሶ ይዘጋል። ይህን ሥርዓት አንድ ወታደር በልቡ ሳያመሰግን ማለፍ ያስቸግረዋል። በጽሑፍ የወጣ ደንብ የለ፣ ደመወዝተኛ ዘበኛ የለ፣ የሣጥን ማኅተም የለ፤ ሥርዓቱ ግን ሦስት መቶ ዓመት ያህል ቆሟል።

ምስጋናው ሳይበዛ ሌላውንም ወገን መናገር ተገቢ ነው። የቄሮ ተጠቃሚ የነበረው የእነዚያ የቀደሙ አባቶች ዘር መሆኑን ቆጥሮ ማስረዳት የሚችል ሰው ብቻ ነበር። ጓሳ የርስት ሥርዓት አንድ ክፍል ነበርና፣ ርስት የሌለው ሰው በሣሩም ላይ መብት አልነበረውም። ከጓሳው ጫፍ አንድ ጥሪ በሚሰማበት ርቀት ላይ እየኖረ፣ ቤቱን በገለባ ሸፍኖ የሚፈስበት ሰው ነበር ማለት ነው። የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ ሲወጣ ርስት ተሻረ። ከርስት ጋር ቄሮም ተሻረ። አፈሮዎቹ ከሥልጣናቸው ወረዱ፤ ምድሩ በገበሬ ማኅበራት እጅ ገባ።

በእሳቱ ዳር የተቀመጡት ሽማግሌ ያን ዘመን በልጅነታቸው ያዩ ሰው ናቸው። ጓሳው በሚከፈትበት ቀን አጫጆች ከሌሊቱ ጀምረው ማጭዳቸውን ይዘው ዳር ዳሩን ሰልፍ ይዘው እንደሚጠብቁ፣ አንድም ሰው ከምልክቱ በፊት ወደ ሣሩ እንደማይገባ፣ አባታቸውን ተከትለው የታሠረውን ነዶ በአህያ ሲያጓጉዙ እንደዋሉ አጫወቱን። ይህ ጸሐፊ፣

“አባባ፣ እንግዲያው ከአዋጁ በፊት የነበረው ይሻል ነበር ማለት ነው?” ሲል ጠየቃቸው።

ሽማግሌው ወዲያው አልመለሱም። እሳቱን በእንጨት ቆስቁሰው፣

“ልጄ፣ ሣሩ ይሻል ነበር። ሰዉን ግን ሁሉንም አላዳረሰም” አሉ።

ከዚህ የበለጠ ትክክለኛ ፍርድ ይህ ጸሐፊ በመጻሕፍትም አላገኘም። አዋጁ የዘር አጥሩን ማፍረሱ ተገቢ ነበር፤ ይሁን እንጂ ያፈረሰው አጥሩን ብቻ አልነበረም፤ ጠባቂውንም አብሮ አሰናበተ። ሁሉም ባለመብት ሲሆን ማን በተራው ሌሊቱን በብርድ ያድራል የሚለው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ቀረ። ማኅበራቱ ሌላ ብዙ ሥራ ነበረባቸው። ቀኑን የሚቆርጥ፣ ተራውን የሚያወጣ አፈሮ ሲጠፋ ማጭዱ ያለ ጊዜው ገባ፤ ከብቱም ሣሩ ሳይደርስ ወጣ። ይህ በጓሳ ብቻ የደረሰ ነገር አይደለም፤ አሮጌ ሥርዓት በአንድ ቀን በሚሻርበት ቦታ ሁሉ፣ ሥርዓቱ ከግፉ ጋር ይሠራው የነበረውን በጎ ሥራ ማን እንደሚረከብ አስቀድሞ ካልታሰበ የሚደርስ ነው።

መንዝ የተመሰገነ የሚያደርገው ቀጥሎ የሆነው ነው። ሕዝቡ ጓሳው ሙሉ በሙሉ እስኪጠፋ አልጠበቀም። በዙሪያው ባሉ ቀበሌዎች የሚኖሩ ሰዎች ዘር ሳይቆጠር፣ ነዋሪነት ብቻ ታይቶ የሚወከሉበት የጥበቃ ጉባኤ ተቋቋመ። መተዳደሪያ ደንብ ወጣ፤ ጠባቂዎች ተመረጡ፤ ሣሩ የሚዘጋበትና የሚከፈትበት ሥርዓት ተመለሰ። የአማራ ክልል መንግሥትም እ.ኤ.አ. በ2012 ጓሳን የማኅበረሰብ ጥበቃ ክልል አድርጎ በደንብ አጸናው። እንግዲህ የቄሮ ሕግ ከነ ተራውና ከነ ቀነ ገደቡ ተነሣ፤ የዘር ቆጠራው ግን በተቀበረበት ቀረ። ሽማግሌው የነቀሱት ጉድለት ይኸው ነበርና ልጃቸው ዛሬ ከጠባቂዎቹ አንዱ መሆኑን በኩራት ሲናገሩ ሰምተናል።

በማግሥቱ ጧት ውርጩ ሳይነሣ ጠባቂው ወደ ገደሉ አፋፍ ወሰደን። ጭላዳ ሌሊቱን የሚያድረው በገደሉ ላይ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ አንድ በአንድ ወደ ሜዳው ብቅ ይላል። መጀመሪያ ድምፁ ይሰማል፣ ቀጥሎ ግንባሩ ይታያል፣ ከዚያ በኋላ ሜዳው ይሞላል። ጭላዳ ከዝንጀሮ ዘመዶቹ ሁሉ የሚለየው ዋነኛ ምግቡ ሣር መሆኑ ነው፤ ተቀምጦ በሁለት እጁ እየነጨ፣ በመቀመጫው እየተንፏቀቀ ይግጣል። በመቶ የሚቆጠረው መንጋ በእኛና በገደሉ መካከል ተበትኖ ሥራውን ሲጀምር፣ ጠባቂው በጣቱ ወደ መንጋው መሐል አመለከተ። ቀይ ቀበሮ ነበር።

ቀይ ቀበሮ ከኢትዮጵያ ደጋማ ተራራዎች በቀር በዓለም ላይ በየትም የለም። ለአካለ መጠን የደረሱት በጠቅላላ ከ500 አይበልጡም ተብሎ ይገመታል፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ተራራዎች ይኖራሉ። ጓሳ ከቀሩት ጥቂት መጠለያዎች አንዱ ነው። ያየነው ቀበሮ በጭላዳዎቹ መካከል ቀስ ብሎ፣ አንገቱን ዝቅ አድርጎ፣ አንዳቸውንም ሳያስደነግጥ ይመላለስ ነበር። ግልገል ያላት እናት በሁለት ክንድ ርቀት ሲያልፍባት እንኳ ቀና ብላ አላየችውም። ጠባቂው እንደነገረን ውሻ ቢሆን ኖሮ መንጋው በአንድ ጩኸት ወደ ገደሉ በወረደ ነበር።

ነገሩ እንዲያው ለዓይን የሚያምር ትርኢት ብቻ አይደለም። ቪቬክ ቬንካታራማን የተባለው ተመራማሪና ባልደረቦቹ በዚሁ በጓሳ ባደረጉትና እ.ኤ.አ. በ2015 ባሳተሙት ጥናት፣ ቀበሮው ብቻውን አይጥ ሲያድን ከመቶ 25 ጊዜ ያህል ብቻ ሲሳካለት፣ በጭላዳ መንጋ መካከል ሆኖ ሲያድን ግን ከመቶ 67 ጊዜ እንደሚሳካለት አረጋግጠዋል። መንጋው ሣሩን ሲነጭ አይጦቹ ከጉድጓዳቸው ስለሚወጡ ይሁን፣ ወይም ቀበሮው በመንጋው ውስጥ ስለሚሰወር ይሁን፣ ተመራማሪዎቹ ሁለቱንም ምክንያት አቅርበዋል። ቀበሮውም በመንጋው መካከል ሲያድን የጭላዳ ግልገል የሚያጠቃው ከስንት አንድ ጊዜ ነው። በእኛ ፊት ሁለት ጊዜ ዘሎ ሁለቱንም ጊዜ ይዟል።

የሰንሰለቱን መያያዝ እዚህ ላይ መመልከት ይቻላል። ሣሩ ካለ አይጡ አለ፤ አይጡ ካለ ቀበሮው አለ። ሣሩ ካለ ጭላዳው አለ። ጭላዳና ቀበሮ ካለ እንግዳ ባናውን ተከናንቦ፣ ያልበሰለ ምስር እየበላ፣ ገንዘብ ከፍሎ ያድራል። የእንግዳው ገንዘብ ደግሞ ለጥበቃው ሥራ ይውላል፤ ጥበቃውም ሣሩን ያቆያል። ከቀለበቱ አንዱ ሲበጠስ ሌላው እንዴት እንደሚሆን ማሰብ አያዳግትም።

ስለ ቀበሮው አንድ ነገር መጨመር ያስፈልጋል። ከረኃብም ከጥይትም ይልቅ የሚፈጀው የእብድ ውሻ በሽታ ነው። በባሌ ይህ በሽታ በተደጋጋሚ ገብቶ ብዙ ቀበሮ ጨርሷል። በሽታውን የሚያመጣው የእረኛና የመንደር ውሻ ስለሆነ፣ በየተራራው የሚደረገው የውሻ ክትባት ለገበሬውም ለልጆቹም ለቀበሮውም በአንድ ጊዜ የሚጠቅም ሥራ ነው።

ተራራ ላይ እንግዳ ማሳደር በጓሳ ብቻ የተጀመረ አይደለም። በሰሜን ተራራዎች ብሔራዊ ፓርክ ሳንቃ በር በ3,250 ሜትር፣ ግጭ በ3,600 ሜትር፣ ጨነቅ በ3,620 ሜትር ላይ የሚገኙት ማደሪያዎች ከጓሳ ይልቅ በውጭ አገር ሰዎች ዘንድ የታወቁ ናቸው። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ከተመዘገቡት ከመጀመሪያዎቹ 12 ሥፍራዎች አንዱ ነው። ይሁን እንጂ እርሻና ከብት እየበዛበት ስለሄደ እ.ኤ.አ. በ1996 አደጋ ላይ ካሉ ቅርሶች መዝገብ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ መዝገብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2017 ነው። ለመውጣቱ ከተከፈለው ዋጋ አንዱ የግጭ መንደር ነው። እ.ኤ.አ. በ2016 ከ400 በላይ የሚሆኑ የግጭ አባወራዎች ተነሥተው ወደ ደባርቅ ተዛውረዋል። ሥራው አስፈላጊ ነበር የሚሉ ወገኖች ምክንያታቸው ቀላል አይደለም፤ የግጭ ሜዳ በእርግጥ ተግጦ ነበር። ነገር ግን ሁለቱን ቦታዎች ጎን ለጎን የተመለከተ ሰው ልዩነቱን ሳያስተውል አያልፍም። በአንደኛው ተራራው እንዲያገግም ሰዉ ወጣ፤ በሌላኛው ተራራው እስካሁን የቆየው ሰዉ ስላለበት ነው።

ይህን ሲሉ ግን ጓሳን የተጠናቀቀና የማይናወጥ ሥራ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ይሆናል። በዚያው ታኅሣሥ ከጠባቂዎቹ ጋር ስንነጋገር ያሳሰባቸው ነገር ብዙ ነበር። ወጣቱ መሬት የለውም። ሣሩ ተሽጦ የሚያመጣው ገንዘብ ይታያል፤ ሣሩ ሳይታጨድ የሚያመጣው ግን በዓይን አይታይም። በክረምት እንግዳ አይመጣም፤ በበጋም የሚመጣው ጥቂት ነው። አንድ ጠባቂ ሌሊት በጓሳው ሲዞር አድሮ ጧት የራሱን ማሳ ያርሳል።

ከዚያ ወዲህ የሆነው ደግሞ ከዚህ ሁሉ የከበደ ነው። በ2012 ዓ.ም. አጋማሽ የኮሮና ወረርሽኝ የእንግዳውን መንገድ ዘጋው። በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነት እስከ ሰሜን ሸዋ ድረስ ዘለቀ። ያም ካለፈ በኋላ ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ አንሥቶ በአማራ ክልል የተቀሰቀሰው ግጭት መንገደኛውን ከመንገዱ መለሰው። መኪና የማይሄድበት ማደሪያ ገቢ የለውም። ገቢ የሌለው ጥበቃ ደግሞ በጠባቂው ትከሻ ላይ ብቻ የቆመ ነው። የወታደር ሙያ ያለው ሰው የጦርነትን ወጪ ሲቆጥር በሰውና በንብረት ይቆጥራል፤ አንድ ገበሬ ማጭዱን ለሦስት ዓመት ሰቅሎ እንዲቆይ የሚያደርገው የነገ ተስፋ በየትኛው መዝገብ ላይ እንደሚቆጠር ግን በጦር ትምህርት ቤትም አይነገርም። ነገ መኖሩን ያልተማመነ ሰው ሣሩን ዛሬ ያጭደዋል።

መንገዱ ሰላም በሚሆንበት ጊዜ ወደ ጓሳ ለመውጣት ለሚያስቡ አንባብያን ጥቂት ነገር ማመልከት ይጠቅማል። የሚመረጠው ወራት ከጥቅምት እስከ የካቲት ያለው ነው፤ ሌሊቱ ይበርዳል፣ ቀኑ ግን ብሩህ ነው። በክረምት ጉምና በረዶ ምድሩን ስለሚሸፍኑት ጭላዳው ቢኖርም አይታይም። ከመነሣት አስቀድሞ ስለ መንገዱ ሁኔታ በደብረ ብርሃንና በመሐል ሜዳ ያሉትን ጽሕፈት ቤቶች መጠየቅ ግዴታ ነው። ስንቅ፣ የእጅ ባትሪ፣ ወፍራም ካልሲ፣ የዝናብ ልብስና የራስ ምታት መድኃኒት አይረሱ። ምስር ከመያዝ በሶ መያዝ ይሻላል። ውሻ ይዞ መውጣት፣ ከቁጥቋጦው ማገዶ መስበር፣ ለጭላዳ ምግብ መወርወር አይገባም። ባና ለመግዛት የሚፈልግ ሰው መሐል ሜዳ ድረስ ዘልቆ በገበያ ቀን ከሸማኔው እጅ ቢገዛ ይመረጣል። የማደሪያውን ሂሳብ በጠባቂው እጅ ሳይሆን ለማኅበሩ ገንዘብ ያዥ ከፍሎ ደረሰኝ መቀበል ያስፈልጋል፤ ለጠባቂው የሚሰጥ ጉርሻ ከዚያ የተለየ ነው።